ገመዱን የያዘው ጣት

ላፕቶፑ ጠዋት አልነሳም አለ።

ጨርሶ ሞቶ ቢሆን ይሻል ነበር። የሞተ ነገር ቁርጡ ይታወቃል። ይኼኛው ግን ድንጋይ ጠራቢው ቁልፉን በተጫነ ቁጥር ብልጭ ይላል፤ ባለቀለም ነጥቦች ከአራቱም ማዕዘን እየተሰባሰቡ ምልክት ይሠራሉ፤ ከዚያ ድርግም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ማንም ሳይነካው በራሱ ብልጭ ይላል። ነጥቦች፣ ምልክት፣ ድርግም። በር አንኳኩቶ ሲከፍቱለት እንደሚሮጥ ባለጌ።

«ዛሬን!» አለው ጠራቢው። «ዛሬን ብቻ ተነስና ነገ ገደል ግባ።»

ከጀርባው፣ በፊደል መቅረጫው ማሽን ጠረጴዛ ላይ፣ የእናቱ ድንጋይ ተጋድሟል። ጥቁር ነው፤ ተወልውሎ ፊት ያሳያል። አንድ ፊደል እንኳ ገና አልተቀረጸበትም። ነገ ጠዋት ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ መቃብሯ ላይ የሚያቆመው ይህንን ድንጋይ ነው፤ ከደረሰ ማለት ነው። ካልደረሰ ሌላ አለ። ታላቅ ወንድሙ በትልቅ የእብነ በረድ ድርጅት አስቀርጾ ቁጭ አድርጎታል።

«ለመጠባበቂያ ነው» ብሎት ነበር በስልክ። «አንተ ካደረስክ ጥሩ። ከሰዓት በኋላ በመኪና መጥቼ አየዋለሁ። ካላለቀ ግን እንዳትቀየም፤ የኔን አቆማለሁ።»

እንዳትቀየም። ይህቺን ቃል ሰውየው ሲወዳት! መጀመሪያ ሰው ይረግጥና እንዳትጮህ ብሎ ይለምናል። ትምህርት ቤት ይህንንም ሳያስተምሩ አይቀሩም።

ጠራቢው የሚረሳ ሰው አይደለም። የአባታቸውን የመቃብር ድንጋይ በመሮና በመዶሻ የጠረበው እሱ ነበር፤ በገዛ እጁ፣ ዓይኑ በዱቄት እስኪቀላ። እርግጥ ነው ፊደሎቹ ትንሽ ዘመም ብለዋል። መስመሩም ወደ መጨረሻው ቁልቁል ወርዷል። ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ መሮ የጨበጠ እጅ ከዚህ በላይ ምን ያምጣ? ታላቅየው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት መነጽሩን አስተካክሎ ድንጋዩን አየና «ይሄ መስመር ጠጥቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው እንዴ?» አለ። ሰው ሳቀ። መቃብር ላይ ሳቀ! ብዙም ሳይቆይ ድንጋዩ ተነሳና በሌላ ተተካ። ጠራቢው የተነሳውን ድንጋይ ያገኘው በኋላ፣ በወንድሙ ጓሮ ነው። ከልብስ ማጠቢያው ፊት በግንባሩ ተደፍቶ መርገጫ ሆኗል። የወንድሙ ሚስት ቆማበት ልብስ ታሰጣ ነበር። ጠራቢው ያን ቀን ምንም አልተናገረም። ዋጠው። የዋጠው ነገር ግን ጉሮሮው ላይ እንደቆመ ቀረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወረደም።

ይህን የፊደል መቅረጫ ማሽን የገዛው በዚያ እልህ ነው። አሮጌ ማሽን ነው፤ መስመሩ ግን እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ይላል። የሚታዘዘውም ለዚህ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ እዚህ ውስጥ ተቆልፎ የተሸጠ ስለሆነ ወደ ሌላ አይሄድም።

የእማዬን ድንጋይ እህታቸው ናት ታግላ ያሰጠችው። ጽሑፉን ጠራቢው ራሱ አቀናበረው። ከላይ የእማዬ ስም፣ ከሥሩ «ልጆችሽ» የሚል፣ ከዚያ የሦስቱ ልጆቿ ስም። እዚህ ላይ ጠራቢው ለማንም ያልነገራት አንዲት ነገር አድርጓል። ከሦስቱ የራሱን ስም አንደኛ አስቀመጠ። ትንሹ ከላይ፣ እህታቸው መሃል፣ ታላቅየው ከታች። አንዴ ድንጋይ ላይ ከወጣ ማን ምን ያመጣል? መነጽር አስተካክሎ ማየት ነው።

አሁን ግን ነጥቦቹ ተሰበሰቡ፣ ምልክት ሠሩ፣ ድርግም አሉ።

ምክንያቱን ልቡ ያውቀዋል። ትናንት እህቱ የላከችለትን የእማዬን ፎቶ ለማውረድ ላፕቶፑን በስልኩ በኩል ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶት ነበር። በቀይ የተጻፈ መስኮት ዘሎ መጣ። በእንግሊዝኛ ከተደረደረው መሃል የለየው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ድራይቨር» እና «አሮጌ»። ድራይቨር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ በላፕቶፑና በማሽኑ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉመው ነገር ነው። አሮጌ ነህ መባል ደግሞ ከሰውም ሰልችቶታል። ከሥር ያለውን አረንጓዴ ቁልፍ ተጫነው። ላፕቶፑ ሲያወርድ፣ ሲጭን፣ ሲያጓራ አመሸ። አዲስ አስተርጓሚ ቀጠረለት፤ የአሮጌውን ማሽን ቋንቋ የማያውቅ አስተርጓሚ።

እጅ እግሩ ተሳሰረ። ከመንገዱ ማዶ ይህን ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ እሱ ግን ጓንቴ ነው።

ክረምት ከበጋ ጓንት ስለማያወልቅ ነው ጓንቴ የሚሉት። ድሮ ሸሪኩ ነበር፤ ይህን ማሽን አብረው ነው ተክለው ያስነሱት። ጠራቢው አንድ ቀን ጓንቴን ላፕቶፑ ላይ ፍላሽ ሲሰካ አየውና ንድፌን ሰረቀኝ ብሎ ሠፈር ይያዝልኝ አለ። ሸርክናው ፈረሰ። አሁን ጓንቴ ማዶ ቤት ተከራይቶ ለወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚሆን ድንጋይ ይቆርጣል። ሰላምታቸው በቆርቆሮ በር ነው፤ ጠዋት አንዱ በሩን አንኳኩቶ ሲከፍት ሌላው ይበልጥ አንኳኩቶ ይከፍታል።

መንገዱን ተሻገረ።

«ጓንቴ።»

«አቤት» አለ ጓንቴ ቀና ሳይል። «ምነው፣ መንገድ ስተህ ነው?»

«ላፕቶፑ አልነሳ አለ።»

«የትኛው? የኔ እጅ እንዳይነካው የተማለበት?»

«የእማዬ ድንጋይ ተጋድሟል፤ ገና ምንም አልተጻፈበትም። ታላቅ ወንድሜ ከሰዓት ይመጣል።»

ጓንቴ መጋዙን አጠፋ። እማዬ ወደ ሱቁ ስትመጣ መጀመሪያ የምትስመው እሱን ነበር፤ ይህም ራሱን የቻለ ቂም ነው። ልብሱን አራገፈና፣ የትናንቱን ቀይ መስኮት ታሪክ እየሰማ ከፊት ከፊት መንገድ ጀመረ።

*

«ሲነሳ ይቺን ቁልፍ ደጋግመህ ነካ ነካ አድርጋት» አለ ጓንቴ ከላይኛው ረድፍ አንዷን እያሳየ። «ፈጠን! ነጥቦቹ ሳይመጡ!»

ጠራቢው እንደ ዶሮ ለቀመ። ነጥቦቹ ቀሩና በጥቁሩ ላይ ነጭ ጽሑፍ ተደረደረ።

«ሴፍ ሞድ ነው። ድራይቨሮቹን በር ላይ ትቶ ራቁቱን ይገባል። ትናንት የገባው እንግዳ ካጣላው አሁን ይነሳል።»

ተነሳ። ምስሎቹ ገዝፈው፣ ቀለሙ ገርጥቶ፣ ከረጅም ሕመም እንደተነሳ ሰው ሆኖ ተነሳ። ጓንቴ አዲሱን ድራይቨር ፈልጎ አወጣው። እንደገና አጥፍተው አበሩት። ነጥቦቹ ተሰበሰቡ። ምልክት ሠሩ። ጠራቢው ትንፋሹን ያዘ። ድርግም ይላል ሲሉ የእማዬ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ።

«እሰይ!»

«ገና ነው» አለ ጓንቴ። «ማሽኑን አያውቀውም። የድሮው ድራይቨር መመለስ አለበት። ሲዲው አለህ?»

«ሲዲው አለ። የሚያነበው ግን የድንጋይ ዱቄት ቅሞ ከሞተ ቆየ።»

«በኢንተርኔት እንፈልገዋ።»

«ዋይፋዩም አብሮ ጠፍቷል። ያ ቀይ መስኮት ያልነካው የለም።»

ጓንቴ የቁልፍ መያዣውን አወጣ። ከቁልፎቹ መሃል የተፋፋቀች ፍላሽ ተንጠልጥላለች። «እንግዲያው ከዚህ ነው። ድራይቨሩ እዚህ አለ።»

ጠራቢው ፍላሿን አፍጥጦ አያት። «ከየት አመጣኸው?»

«ከዚሁ ላፕቶፕ ነዋ።»

«ሰርቀኸኝ ነበራ!»

«ሰረቅኩህማ። ማሽን እገዛለሁ ብዬ ድራይቨሩንም ንድፉንም ገልብጬ ነበር፤ ማሽኑ ሕልም ሆኖ ቀረ። ባልሰርቅህ ዛሬ የት ልትገባ ነበር?»

«ይሄው! ሌባ ነው ስል አንድ ሰው አላመነኝም! እማዬ እንኳ አላመነችኝም!»

«በኋላ ሠፈሩን ሰብስብና እመሰክርልሃለሁ። አሁን ፍላሿን የት ልሰካት?»

ጓንቴ ላፕቶፑን አዞረው። በቀኝ በኩል የነበረው የፍላሽ ቀዳዳ የለም፤ በቦታው ግራጫ ነገር ደርቋል። በግራ በኩል ጎን ለጎን ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች አንዱ እንደዚያው ተደፍኗል። ሌላው ላይ የማሽኑ ገመድ ተሰክቶ ከነመሰኪያው በግራጫው ነገር ተቀብሯል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ማጣበቂያ» አለ ጠራቢው ግድግዳውን እያየ።

«የድንጋይ ማጣበቂያ?»

«እንዳትገለብጥ ነዋ! ገመዱ ደግሞ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ እንዳይወልቅ።»

«ከወጣሁ በኋላ ነው የደፈንከው?»

«ታዲያ ሌባ ከወጣ በኋላ አይደለም እንዴ በር የሚጠበቀው?»

ጓንቴ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ በጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን ድንጋይ አየና ዘጋው።

*

ላፕቶፑን አጠፉት፤ ባትሪውን አወጡ። ጠራቢው ለአበባ ቅጠል የሚጠቀምባትን ቀጭኗን መሮ መረጠ። የቀኙ ቀዳዳ እስከ ውስጥ ተሞልቷልና የግራውን ሊከፍት ላፕቶፑን በጨርቅ ላይ በጎኑ አቆመው። ጓንቴ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘለት።

ድንጋይ ቢሳሳት ድንጋይ ነው፤ ሌላ ይገዛል። ይህ ግን ከማጣበቂያው ሥር ጥፍር የምታክል ምላስ አለችው፤ እሷ ከተሰበረች ፍላሿም፣ ድራይቨሩም፣ የእማዬም ድንጋይ አበቃ። ጠራቢው መዶሻውን ትቶ በመዳፉ ሥር መታ። ጠብ። ግራጫ ቅርፊት ወደቀ። ጠብ። ላቡ ከቅንድቡ ወርዶ ዓይኑን አቃጠለው። እጁ ለአባቱ ድንጋይ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ አያውቅም።

«ወደ ገመዱ አትጠጋ» አለ ጓንቴ።

«አየሁት።»

«ማጣበቂያው አንድ ቁራጭ ነው፤ አንዱን ስትነካ ሌላው...»

«አየሁት አልኩህ!»

የመጨረሻው ቅርፊት በመርፌ ተነቅሎ ወጣ። ምላሷ ደህና ናት። ግን መሮው ለመጨረሻ ጊዜ ሲያርፍ ከውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ነበር። ሁለቱም ሰሙት። ሁለቱም አልሰማሁም አሉ።

ፍላሿ ስትሰካ መብራቷ በራ። ድራይቨሩ ገባ። ፕሮግራሙ ተከፈተና ማሽኑን ጠራው።

አልተገናኘም።

ጓንቴ ገመዱን በጣቱ ወደ ላይ ገፋ አደረገው። ተገናኝቷል። ለቀቀው። አልተገናኘም። የገመዱ መሰኪያ ከነማጣበቂያው ከሥሩ ተናግቷል። ነቅለው በተከፈተው ቀዳዳ እንዳይሰኩት ማጣበቂያው መሰኪያውን ውጦታል፤ ቢጎተት ይበጠሳል።

የእንጨት ስንጣሪ ከሥሩ ወሸቁ። ማሽኑን የመቅረጫ መርፌው ድንጋዩን ሳይነካ በአየር ላይ ሞከሩት። ጠረጴዛው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ስንጣሪው ተንሸራተተ፤ ተቋረጠ። ጎማ ሞከሩ፤ ተቋረጠ። የታጠፈ ካርቶን፤ ተቋረጠ። በጣት ሲያዝ ብቻ ይሠራል፤ ጣት ከመንቀጥቀጡ ጋር አብሮ ይሄዳል።

«እኔ እይዘዋለሁ» አለ ጓንቴና ለመጀመሪያ ጊዜ ጓንቱን አወለቀ። ጣቶቹ እንደ ሻማ ነጭተዋል። የመጋዝ ንዝረት ነው የበላቸው፤ እሳት ቢነካቸው አያውቁም። ያዘ። ትንሽ ቆይቶ ጣቱ ሸርተት አለ፤ እሱ ግን የያዘ መስሎት እንደተቀመጠ ነው። ተቋረጠ።

«አልሰማውም» አለ ቀስ ብሎ። ጓንቱን መልሶ አጠለቀ።

ጠራቢው ራሱ እንዳይዝ ከማሽኑ ሊለይ አይችልም። ውሃ በመርፌው ላይ ማፍሰስ፣ ጭቃውን መጥረግ፣ እጁን ከማቆሚያው ቁልፍ ሳያርቅ መቆም አለበት። ላፕቶፑ ደግሞ በዱቄት ታፍኖ ይግላልና ጓንቴ በካርቶን ማራገብ አለበት።

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ።

*

ታላቅየው ሱፉን እንደለበሰ ከበሩ ቆመ። ጫማውን ከጭቃው አራቀ። በመነጽሩ ሥር ባዶውን ድንጋይ አየ።

«አልደረሰም ማለት ነው።»

«ሁሉም ደርሷል» አለ ጓንቴ። «ጣት ነው ያነሰን።»

«የኔ ድንጋይ መኪናው ላይ ተጭኗል። ከዚህ በቀጥታ ወደ መቃብሩ ይሄዳል፤ ሠራተኞቹ ሊያወርዱት እየጠበቁ ነው። እንግዲህ እንዳት...»

«ጋሼ!» አለ ጠራቢው። ቃሉ ጉሮሮውን ቧጥጦ ነው የወጣው። «ና ቁጭ በል እዚህ።»

ከአባታቸው ድንጋይ ነገር ወዲህ ጋሼ ብሎት አያውቅም። ታላቅየው ተደናግጦ ይሁን ገብቶት፣ በተገለበጠው ባልዲ ላይ ከነሱፉ ተቀመጠ። ጓንቴ ጣቱን ይዞ ገመዱ ሥር አስቀመጠለት።

«እንዲህ፣ ወደ ላይ። እስኪያልቅ አትንቀሳቀስ። ለአፍታ ከለቀቅከው መርፌው ያለበትን ይስትና ባለበት ይቆፍራል። ከዚያ ድንጋይ የለም።»

«ማቆም አይቻልም?»

«ማቆምም ያው ነው። ከቆመበት አይቀጥልም።»

ጠራቢው ማሽኑን አስነሳው። መርፌው ወረደ፤ ድንጋዩን ሲነካ ጥርስ የሚያሳክክ ጩኸት ቤቱን ሞላው። ጥቁሩ ላይ ነጭ መስመር ወጣ። የእማዬ ስም የመጀመሪያ ፊደል። ሁለተኛው። ታላቅየው ጣቱን እያየ፣ ጓንቴ እያራገበ፣ ጠራቢው ውሃ እያፈሰሰ፣ የእናታቸው ስም ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ተጻፈ።

«መስመሩ ቀጥ ብሏል» አለ ታላቅየው።

ሊያመሰግን ነው። ጠራቢው ግን ደሙ ፈላ። «ቀጥ ያላለውማ በጓሮ ልብስ ይታጠብበታል።»

የታላቅየው ጣት ሸርተት አለ። ስክሪኑ ላይ ያለው አረንጓዴ ምልክት ወደ ቢጫ ዞረ።

«አሁን አይደለም!» ጮኸ ጓንቴ። «የሰው ያለህ፣ አሁን አይደለም!»

ቢጫው ወደ አረንጓዴ ተመለሰ። መርፌው ሳይስት ቀጠለ።

«አይተኸዋል?» አለ ታላቅየው ዓይኑን ከጣቱ ሳያነሳ።

«አይቼዋለሁ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«አንተስ ለምን አደረግከው?»

መርፌው «ልጆችሽ» የሚለውን ጨረሰና ወደ ታችኛው መስመር ወረደ። ያኔ ነው ጠራቢው የስሞቹ ተራ ትዝ ያለው። አሁን ያየዋል። አይቶ ይነሳል። ያ ሱፍ የለበሰ ሰው ከማን በታች ተጽፎ ያውቃል? ይነሳል፤ መርፌው የእማዬን ድንጋይ ይበሳዋል፤ ነገ የእሱ ድንጋይ ይቆማል። አንድ ክፉ ሐሳብ ደግሞ ከሥር ሹክ አለው፦ ይልቀቀው። ከለቀቀ ዕድሜ ልክ የሚበቃ ቂም ይሆንልሃል።

ታላቅየው ግን አላየም። ላቡ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አንሸራትቶታል፤ በነጻ እጁ ሊያስተካክል ሲል ገመዱ ይነካበታል ብሎ ፈርቶ ተወው። ዓይኑን ያጠባል፤ ፊደሎቹ ለእሱ ጭጋግ ናቸው።

ጠራቢው እንዲያው ሊተወው ይችል ነበር። ግን ሳያይ መያዙ ምን ያረካል? ጎንበስ አለና በጭቃማ ጣቱ መነጽሩን ወደ ላይ ገፍቶ አስቀመጠለት። አንዱ መስታወት ላይ የጣቱ አሻራ ቀረ።

ታላቅየው አነበበ። የትንሽ ወንድሙ ስም አልቆ የእህታቸው ተጀምሯል። ዓይኑ ከድንጋዩ ወደ ወንድሙ፣ ከወንድሙ ወደ ድንጋዩ ሄደ። ፊቱ ጠቆረ። የጉንጩ ጡንቻ ተወጣጠረ። ጠራቢው እጁን ከማቆሚያው ቁልፍ ላይ አንስቶ ጠበቀ።

የታላቅየው ጣት አልለቀቀም።

የእህታቸው ስም አለቀ። የታላቅየው ተጀመረ፤ ከሁሉም በታች። ከአገጩ የላብ ጠብታ ወርዶ ሱፉ ላይ አረፈ። ጣቱ ነጥቷል፤ በግራ እጁ ቀኝ አንጓውን ደግፎ ያዘ። መርፌው የመጨረሻውን ፊደል እግር ጨርሶ ተነሳ። ጩኸቱ ቆመ።

ጓንቴ ካርቶኑን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጠራቢው የቀረውን ውሃ ድንጋዩ ላይ ደፋ፤ ነጩ ጭቃ ተገፎ ስሞቹ ጥርት ብለው ወጡ።

ታላቅየው ተነስቶ ቆመ። ጣቱ እንደታጠፈ ደርቋል፤ ሊዘረጋው ቢል አልታዘዝ አለው።

«እኔን ከታች አደረግከኝ።»

«እንዳትቀየም» አለ ጠራቢው።

«ተቀይሜያለሁ።»

ጠራቢው ለዓመታት ያዘጋጀው መልስ ነበረው። ይህን ሲሰማ የሚለው። አሁን ግን ጎንበስ ብሎ ከድንጋዩ ጠርዝ የቀረውን ጭቃ በአውራ ጣቱ ጠረገ።

ታላቅየው ወደ በሩ ሄዶ ሹፌሩን ተጣራ። «የተጫነውን ወደ ድርጅቱ መልሰውና ና! የሚሄደው ይኼኛው ነው!» ከዚያ ፊቱን ሳይመልስ፣ የታጠፈ ጣቱን በሌላው እጁ እያሸ ተናገረ። «ያኛው የጓሮው... ከባድ ነው። ነገ ከመቃብሩ ስንመለስ ና። ለብቻዬ ልገለብጠው ሞክሬ አልቻልኩም።»

«መቼ ነው የሞከርከው?»

«ሞክሬያለሁ አልኩህ።»

ጠራቢው እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሌላ የሚሠራ ቢያጣ ወደ ላፕቶፑ ሄዶ ሊያጠፋው ጣቱን ዘረጋ።

«እንዳታጠፋው!» አሉ ጓንቴና ታላቅየው በአንድ አፍ።